በበረዶ ያመጣሁት ደም

በክትባት ዘመቻ ዓመታት ያሳለፈ የእንስሳት ሐኪም ያለ በረዶ ሳጥን ከቤት አይወጣም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተጠበቀ ከንቱ ነው፤ ይህን በእንቅልፌም አልስተውም። ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው።

ሥራችን ቢሲጂን በጥጆች ላይ መሞከር ነበር። ለሕፃናት የሚሰጠው ያው ክትባት ነው፤ ተመራማሪዎቹ ካልሜት እና ጌራን የከብት ነቀርሳ (ቲቢ) ባክቴሪያን ለ13 ዓመታት ደጋግመው እያራቡ ያዳከሙት። ከከብት የተወሰደውን ለከብት መመለስ በሉት። ግማሾቹን ጥጆች በተወለዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተብን፤ የቀሩትን የጨው ውኃ ብቻ ወጋናቸው።

ከሳምንታት በኋላ ከአንገታቸው ደም ሥር ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ባለበት ብልቃጥ ደም ቀድቼ፣ በረዶ ላይ ደርድሬ፣ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ለላቦራቶሪ አስረከብኩ። ደሙ ከቱበርክሊን፣ ማለትም ከነቀርሳ ባክቴሪያ ከተወጣጡ ፕሮቲኖች ጋር በ37 ዲግሪ አደረ። ክትባቱ ከሠራ የደሙ ሕዋሳት ባክቴሪያውን አስታውሰው ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ ይህን ፕሮቲን በቀለም የሚለካው የኤላይዛ ምርመራ ሳህን ጉድጓዶችም ቢጫ ይሆናሉ።

ሳህኑ ውኃ የተቀዳበት ይመስል ነበር። «ክትባቱ ምላሽ አልቀሰቀሰም» ብዬ ሪፖርቱን ጀመርኩ። አንጋፋዋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከኋላዬ ቆመው ያዩ ኖሯል።

«ሚቶጅን የገባበትን አየኸው?»

ሚቶጅን የተከተበውንም ያልተከተበውንም ሕዋስ በግድ የሚያነቃ ነገር ነው። እሱም ባዶ። የኤላይዛው የራሱ ማነጻጸሪያ ግን እንደ በሰለ ሎሚ ቢጫ ሆኗል። መለኪያው ደኅና ነው፤ ዝም ያለው ደሙ ነው።

«በምን አመጣኸው?»

«በበረዶ ነዋ፣ እትዬ!» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ልጄ፣ ለአንቲቦዲ ምርመራ ሴረም፣ የደሙን ፈሳሽ ብቻ፣ ብታመጣ ኖሮ እሰየው ነበር። እኔ የምፈልገው ግን ሕያው ሕዋስ ነው። አንተ በብርድ አደንዝዘህ አመጣህልኝ።»

በሁለተኛው ዙር ሹፌራችን በጠዋት ሳጥኑን በረዶ ሞልቶ ጠበቀኝ። ተወው ስለው ያበድኩ መሰለው። ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ የሚቶጅኑ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነበር። ከተከተቡትም አብዛኞቹ በቱበርክሊኑ ቢጫ ሆኑ፤ ያልተከተቡት ቀለም አልያዙም። ደም ስቀዳ ጉልበቴን የረገጠችኝ አንዲት የተከተበች ጥጃ ግን ሚቶጅኗ ደምቆ ሳለ የቱበርክሊን ጉድጓዷ ባዶ ነው። «ምላሽ አልሰጠችም» ብዬ ስጽፍ በዚህኛው ጊዜ ከኋላዬ የቆመ አልነበረም።