ቀለም ነው ብዬ ያለፍኩት ነጠብጣብ

ሸዋ ሮቢት ላይ በላብራቶሪ ሙያ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ከደብረ ብርሃን ሽንኩርት ሊጭኑ የወረዱ አንድ አባት እየተንቀጠቀጡ መጡ። የደም ናሙናቸውን መስታወት ላይ አድርጌ ጊምሳ በሚባለው ቀለም ቀብቼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ወባ የለም። ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ነበር፤ የቀለም ዝቃጭ መስሎኝ አለፍኩት። “ኔጌቲቭ” ብዬ ጻፍኩ።

አብረውኝ የሚሠሩት አንጋፋ ባለሙያ ጎንበስ ብለው አዩና፣ “አንተ ልጅ፣ ይሄ ቀለም አይደለም። የወባዋ አዛባ ነው” አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወባ ተውሳኳ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብታ ሄሞግሎቢን የሚባለውን ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን ትበላለች። የሚተርፈው ብረት ያለበት ክፍል፣ ሄም፣ ግን ለራሷም መርዝ ነው። ስለዚህ ሄሞዞይን ወደሚባል ክሪስታል ትቀይረዋለች። ክሎሮኪን የተባለው የወባ መድኃኒት የሚገድላት ይህን ሥራ በማሰናከል፣ በገዛ ቆሻሻዋ ነው። ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የሚባሉት የወባ ተውሳክ ዓይነቶች በየ48 ሰዓቱ ገደማ ሴሉን ሲያፈነዱ ክሪስታሉ ደም ውስጥ ይበተናል። ነጭ ሴሎች ይውጡታል፤ ማድቀቅ ግን ያቅታቸዋል። ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 1 የሚባሉ መልእክተኞችን ይረጫሉ፤ ለትኩሳቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ሆዳቸው የሞላ ሴሎች ይፈዛሉ፤ ሌላ ጀርም መዋጥና መግደል ይከብዳቸዋል። መቅኒ ውስጥ የገባው ክሪስታልም ቀይ ደም እንዳይመረት ያዘገያል።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ላይ ተውሳኳን ያገኘው ይህንኑ ጥቁር ነገር ሲከታተል ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔ ሥር ሆኖ ዝቃጭ አልኩት!

ተመልሼ ጠየቅኳቸው። “አባባ፣ መድኃኒት ጀምረው ነበር?”

“ጎረቤቴ የተረፋትን ኪኒን ሰጥታኝ ሁለት ቀን ዋጥኩ። ሲሻለኝ ተውኩት።”

ተውሳኳ አንሳለች፤ አዛባዋ ቀርቷል ማለት ነው። ኔጌቲቩን ሰርዤ በማግስቱ ደም ደገምኩ። ጥቂት ቀለበቶች፣ ማለትም ቀለበት የሚመስሉ ለጋ ተውሳኮች፣ ተገኙ፤ ሙሉ ሕክምና ታዘዘላቸው።

ከዚያ ወዲህ ቀለሙን ሳላጣራ አልቀባም። ነጠብጣብ ሳይ የማይክሮስኮፑን የማጥሪያ ቁልፍ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። ዝቃጭ ከሆነ ከሴሉ በላይ ተንሳፍፎ፣ ከሴል ውጭም ተበትኖ ይታያል። ፒግመንት፣ ማለትም የወባዋ አዛባ፣ ከሆነ ሴሉ ውስጥ ነው። ተውሳክ ባላገኝም “ፒግመንት አለ” ብዬ እጽፋለሁ።

አባባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ አሉ። ትኩሳቱ ለቋቸዋል፤ ዳገት ግን ያደክማቸዋል። ነገሩን አስረዳኋቸው።

“ታዲያ ይሄ አዛባ መቼ ነው የሚጠረገው?”

“ከደም ቶሎ ይጠፋል። ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ግን ወራት ሊቆይ ይችላል።”

“ኪራይ የማይከፍል ተከራይ በለኛ!” አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ሄዱ።