የዱር ኦርኪድ ድቅልን በከንፈሩ መለየት

የፊሊፒንሷ ኦርኪድ ፋሌኖፕሲስ ኢንተርሚዲያ ድቅል (የሁለት ዝርያዎች ቅይጥ) ሳትሆን እንደማትቀር የዕፅዋት ተመራማሪው ጆን ሊንድሊ በ1853 እ.ኤ.አ. ጠርጥሮ ነበር። በ1886 የእንግሊዙ ቬይች ችግኝ ጣቢያ አፍሮዲቴና ኢኬስትሪስ የተባሉትን ሁለት የፋሌኖፕሲስ ዝርያዎች አዳቅሎ ጥርጣሬውን አረጋገጠ።

ጫካ ውስጥ ቀለም አያስተማምንም፤ ያልተዳቀለ ዝርያም ቀለሙ ይለያያል። እኔ የማምነው ከንፈሩን፣ ማለትም ከሌሎቹ የተለየ ቅርጽ ያለውን አንዱን የአበባ ቅጠል ነው። በአፍሮዲቴ ከንፈር ጫፍ ላይ ሁለት ረጃጅም ክሮች አሉ፤ ኢኬስትሪስ የላትም፤ የድቅሏ አጫጭር ናቸው። ከአንድ ተክል የብዙ አበባ ክሮችን ይለኩ። ተጭኖ የደረቀ አበባ ቅርጹ ስለሚበላሽ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ያቆዩት።

ፈተናው ድቅሏ ከአንዱ ወላጅ ጋር መልሳ ስትዳቀል ነው፤ ልኬቱ ወደዚያ ወላጅ ያዘነብልና ዓይን ይሸወዳል። ያኔ ቅጠል እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል አድርቀው ከሁለቱም ወላጆች የሚወረሰውን የኒውክለስ (የሕዋስ እምብርት) ዲኤንኤ ያስመርምሩ፤ የክሎሮፕላስቱ (የሕዋሱ አረንጓዴ ክፍል) ዲኤንኤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእናትን ወገን ብቻ ያሳያል።