ጠበቃ ለሌለው ተከሳሽ

የአጎቴ ልጅ በአካል ማጉደል ተከሶ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ከሚገኝ አንድ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ፣ ዳኛው «ጠበቃ አለህ?» ቢሉት «እግዚአብሔር አለኝ» ብሎ መለሰ። እናቱ ይህን ሲነግሩን መሳቅም ማዘንም አቃተን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ተከሳሽ ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና በዚህም ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ፣ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ልጁ ግን ይህን አያውቅም ነበር። እኔም ብሆን ድንጋጌውን ያነበብሁት እርሱ ከታሰረ በኋላ ነው።

አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ገበሬ ራሱን ችሎ ይከራከር ነበር ይባላል። የዛሬው ክርክር ግን አንደበት ብቻ አይበቃውም፤ በክሱ ላይ መቃወሚያ የሚቀርብበት ጊዜ አለው፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ተከሳሹ በሚያቀርብለት መስቀለኛ ጥያቄ ካልተፈተነም ቃሉ እንዳለ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ልጁ ተራው ደርሶ «ጠይቅ» ሲባል ምስክሩን ሰደበው።

ስለዚህ እድራችን ለቀብር እንደሚደርስ ሁሉ፣ አባል ወይም የአባል ልጅ ሲከሰስ ሁለት ሰው መድቦ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ እንዲያመለክት እንዲረዳው ሐሳብ አቀረብሁ። አንድ አዛውንት «ለወንጀለኛ ልንቆም ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ የተጎጂው ቤተሰብም የእድሩ አባል ነውና። እኔ የመለስሁላቸው ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ተከሳሽ እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር ነበር። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተላልፏል።