ባክቴሪያው ስኬጁል አያነብም

ዛሬ አንድ ስህተት ሠራሁ፤ ያውም የጀማሪ ስህተት። ለአሠሪው "የፍሳሽ ውሃው የምርመራ ውጤት በ3 ቀን ይደርሳል" ብዬ ቃል ገባሁ። ላብራቶሪ ስደውል ልጅቷ ሳቀች። "ቢኦዲ እኮ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 5 ቀን ነው የሚቀመጠው!"

ቢኦዲ ማለት ባክቴሪያው የውሃውን ቆሻሻ ሲበላ የሚጠቀመው የኦክስጅን መጠን ነው። አውቀዋለሁ እኮ። ተማሪ እያለሁ በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ። ፕሮጀክት ማናጀር ከሆንኩ ወዲህ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ስኬጁል ብቻ ነው መሰለኝ። ባክቴሪያው ደግሞ ስኬጁል አያነብም።

ለአሠሪው መልሼ ደወልኩ። "ተሳስቻለሁ፤ 5 ቀን ነው፣ የሪፖርት መጻፊያውን ሳይጨምር" አልኳቸው። ዝም አሉ። ያቺ ዝምታ! ከዚያ "እሺ፣ ቀድመህ መንገርህ ደግ ነው" ብለው ዘጉት።

ከሰዓት ሳይት፣ ፍሳሽ ማጣሪያው ጋ ወረድኩ። ኦፕሬተሩ አየር ከሚነፋበት ገንዳ በመስታወት ዕቃ ቀድቶ "አሽትተው" አለኝ። ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ቡናማው ዝቃጭ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። ጠቁሮ የተበላሸ እንቁላል ቢሸት ኖሮ ኦክስጅን አጥሮታል ማለት ነበር። ውጤቱ ገና ባይመጣም ልቤ ትንሽ አረፈ።

"የቱን ሰርተፊኬት ልውሰድ?" እያላችሁ ኢንቦክስ ለምታደርጉልኝ ጀማሪዎች፦ ፒኤምፒው (የፕሮጀክት ማናጀርነት ሰርተፊኬቱ) ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። መጀመሪያ ግን ቦት አጥልቃችሁ ናሙና ቅዱ።

በሉ፣ ስኬጁሉን ላስተካክል። ናሙናው ሰኞ ከገባ የሚነበበው ቅዳሜ ነው። ላብራቶሪው ቅዳሜ ይሠራል? አሁን ማን ደፍሮ ይደውልላት!