«የኔ» የሚሉት ሙዚቃ
ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ከስልኩ ጋር ራሱን እየነቀነቀ ይዘፍን ነበር። ምን እንደሚሰማ ጠየቅኩት። ፊቱ በራ። «የሰፈራችን ልጅ ራፕ ነው፤ ስሚው!» ብሎ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኝ። ዘፋኙ የሚያወራው ልክ እንደ ልጁ ነው፤ ያው አነጋገር፣ ያው የመንገድ ቋንቋ። ኩራቱ ደስ ሲል!

ከተማ ሰውን ይውጣል። ማንም ስምህን አያውቅም። ወጣቱ ግን በሚሰማው ሙዚቃ፣ በአለባበሱ፣ በጸጉር አቆራረጡ «አለሁ» ይላል። ራፕ የተወለደበት ሂፕ ሆፕም የመጣው ከዚሁ ስሜት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ ዲጄ ኩል ኸርክ በእህቱ ፓርቲ ላይ ሙዚቃ አጫወተ። ጭፈራው የሚደምቅበትን የከበሮ ክፍል በሁለት ሸክላ እያመላለሰ ያስረዝመው ነበር። ድህነት ያደቀቀው ሰፈር ልጆችም በዚያ ምት ላይ የመንገዳቸውን ስምና የራሳቸውን ታሪክ ጫኑበት።

«የዘንድሮ ልጆች ሙዚቃ ጩኸት ነው» ሲባል ከልቤ እናደዳለሁ። ጃዝም በጊዜው እንዲሁ ተብሏል። ሮክም አልቀረለትም።

እስኪ ንገሩኝ፤ በጉርምስናችሁ «ይሄ የኔ ነው» ያላችሁት ሙዚቃ የቱ ነበር?