ጥላ የሌለበት አባሮሽ

ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን ተወልዶ ያደገው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ክረምት ይዤው ወደ አገር ቤት ስመጣ ያረፍነው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው የታላቅ እህቴ ቤት ነበር። ወሩ ሐምሌ ስለሆነና ትምህርት ቤት ስለተዘጋ፣ ዝናቡ ባባራ ቁጥር በብሎኮቹ መካከል ያለው ሜዳ በልጆች ይሞላል፤ ጨዋታቸውም አብዛኛውን ጊዜ አባሮሽ ነው።

ደንቡን የማያውቅ የለም፤ አንዱ አባራሪ ይሆናል፣ ሌላው ይበተናል፣ የተነካው ደግሞ ተራውን ተረክቦ ያባርራል። በዚያ ሰፈር ከኮሙናሉ አጠገብ የተቀመጠው ጥቁር ሮቶ «ቤት» ነው፤ እሱን የያዘ አይነካም፤ ሆኖም ተለጥፎበት የሚውል ፈሪ እስከ አስር ተቆጥሮበት እንዲወጣ ይገደዳል።

በመጀመሪያው ቀን ልጄ ቶሎ ቶሎ ትንፋሽ ያጥረው ነበር፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መሮጥ ለለመደው ሰው እንጂ ለእንግዳ ቀላል አይደለም። ትንፋሹ ከተስተካከለ በኋላ ግን ሌላ ችግር መጣ። ተራው ደርሶ የእህቴን ልጅ ከሮቶው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ደረሰበትና፣ እጁን ሳይዘረጋ መሬቱን በእግሩ መትቶ፣ «ያዝኩህ! ጥላህን ረገጥኩ!» ብሎ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ቆሞ ወደ እግሩ ሥር ተመለከተ። ሰማዩ አመድ መስሎ ተደፍቷል፤ ጭቃው ላይ የአንድም ሰው ጥላ አይታይም።

«የምን ጥላ?» አለው፤ «አልነካኸኝም እኮ!»

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤቱ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በእረፍት ሰዓት ሲሯሯጡ ልጄ ጓደኛውን ጠንከር አድርጎ ነክቶት ጉልበቱ ስለተላጠ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ልጆቹ አካል መንካታቸው ቀርቶ ጥላ እንዲረግጡ ተወሰነ። እዚያ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በማሳቹሴትስ፣ አትልቦሮ ከተማ የሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች እንዳይጎዱና እሱም እንዳይጠየቅ በመስጋት አባሮሽን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። እኔም ደብዳቤውን አንዲት ጥያቄ ሳላነሳ ፈርሜ መልሻለሁ። (ስደተኛ ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚፈርምበትን ቦታ ነው።)

ከሦስተኛ ፎቅ እየተጣደፍኩ ወርጄ ይህን ሁሉ ለልጆቹ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ባልወርድ ይሻል ነበር። የእህቴ ልጅ አንገቱን ደፍቶ በጨዋነት ካዳመጠኝ በኋላ፣ «እሺ ጋሼ፣ ግን ካልነካኝ እንዴት ተያዝኩ ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። ከሁሉም ከፍ የምትል፣ ክርክር በተነሳ ቁጥር ዳኛ የምትሆን አንዲት ልጅ ግን እኔን አልጠበቀችም፤ «እንደገና ያባርር፤ ፀሐይ ስትወጣ በጥላ እንጫወታለን» ብላ ፈረደች።

ልጄ ያን ቀንና በማግስቱ ሲያባርር እጁን እስከ ሰው ጀርባ ያደርስና መልሶ ይሰበስበው ነበር። በረንዳ ላይ ቆሜ «ንካው! ንካው!» ልለው እየቃጣኝ ዝም አልኩ፤ አንድ ጊዜ ወርጄ ያበላሸሁት ይበቃል ብዬ።

በሦስተኛው ቀን ልብስ የሚታጠብበት ሳፋ ፊት እህቴ የልጇን ሹራብ ዘርግታ ስትመለከት ደረስኩ። ከሁለቱ ትከሻዎች መሐል አምስቱም ጣት በጭቃ ታትሟል።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አለች።

ልጄ ቀስ ብሎ ተጠጋና መዳፉን ዘርግቶ በአሻራው ላይ ለካው፤ ልክክ አለ። አክስቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሹራቡን አየችና ሳሙናውን አቀበለችው።