ጅብም ሁዳዴን ያውቃል

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ብርዱ በተዘጋ መስኮትም ይገባል። ጣርማ በር ልንደርስ ስንል ሚኒባሳችን ቀዝቀዝ አለ። መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ የነበሩ ሦስት አራት ጭላዳዎች ቀና አሉ። ከፊታችን የነበረው አይሱዙ ሲያልፍ ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። አይሱዙ አይቆምም። ሚኒባስ ይቆማል፤ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ሙዝ አለ።

ከኋላ አንዱ ሙዝ ወረወረ። ባለ ጎፈሩ ወንድ ሣሩን ትቶ ሮጠ። ጭላዳ እኮ ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ብቸኛው ነው። ጣቶቹ ራሱ ሣር ለመንቀል የተሠሩ ይመስላሉ። አሁን አስፋልት ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የሞተር ድምፅ ይለያል። ልፈርድ አልችልም፤ እኔም ከዓመታት በፊት እዚሁ ቦታ ለአንዲት ፎቶ ስል ወርውሬያለሁ።

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ጓሳ የሚባል ጥብቅ የሣር ምድር አለ። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ዛሬ በሌላ መልክ የሚጠብቀው ያው የአካባቢው ሰው ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአንድ ወጣት ስካውት፣ ከጓሳ ጠባቂዎች አንዱ ከሆነው፣ ጋር ገደሉ አፋፍ ላይ ነበርኩ። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል በየተራ ብቅ አሉ። ፀሐይ ሞቁ፣ ተቀማመሉ፣ ከዚያ ወደ ሣሩ ወረዱ። መቶ ይበልጣሉ።

«ጋሼ፣ አይንቀሳቀሱ» አለኝ ልጁ።

ቀይ ቀበሮ መጣ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ አንዱ ጭላዳዎቹ መሐል ገባ። ሩጫ የለም፣ መሽሎክሎክ የለም፣ እንደ ጎረቤት ነው የሚራመደው። ግልገሎቹ አጠገቡ ይጫወታሉ፣ እሱ ዞር ብሎም አያያቸው። የሚፈልገው አይጥ ነው። እዚሁ ጓሳ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል፦ ቀበሮው ጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። አንድ ጊዜ አንዱ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ነጥቆ ነበር። ጭላዳዎቹ አስጥለው አባረሩት።

ገና ሳንጠግበው አንድ እረኛ ከብቶቹን እየነዳ ከኮረብታው ብቅ አለ፤ ከኋላው ውሻ። በቃ። አንድ ጩኸት ተሰማ፣ ያ ሁሉ መንጋ ወደ ገደሉ ተገለበጠ። ቀበሮውም የለም። ውሻው እኮ ምንም አላደረገም፤ ጅራቱን እየቆላ የጅብራውን ግንድ ሲያሸት ነበር።

ስካውቱን የሚያስጨንቀው ግን ድንጋጤው አይደለም። «ይኼ ውሻ ካበደ ቀበሮዎቹ አለቁ» አለኝ። ባሌ ላይ ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል።

ሰው የሚያሳድደው አውሬ ኑሮውን ወደ ሌሊት ያዞራል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በስድስት አህጉር የሚገኙ 62 የአጥቢ ዓይነቶችን አይቶ፣ ሰው ባለበት የሌሊት እንቅስቃሴያቸው በ36 በመቶ ገደማ እንደጨመረ አግኝቷል። ቀይ ቀበሮ ግን የት ይሂድ? እዚህ ደጋ ላይ አብዛኛው አይጥ የሚወጣው በቀን ነው። ሌሊቱን ቢመርጥ ራቱ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቷል።

ማታ መሐል ሜዳ አካባቢ አንዲት እናት ቤት አደርኩ። ሁዳዴ ነው። ሽሮ በልተን ባና ደርበን እሳት ዳር ስንቀመጥ አህያዋን ከነውርንጭላዋ አስገቡና በሩን በግንድ ደገፉት።

«ሁልጊዜ ከቤት ነው የምታድረው፣ እማማ?»

«ኧረ ሌላ ጊዜስ በረት ነው። በጾም ነው እንጂ።»

መቀሌ አካባቢ የተሠራ አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። በጾሙ ሰው አያርድም፣ አጥንት አይጣልም፣ ጅቡም የሚለቃቅመው ያጣል። አጥኚዎቹ የጅብ ኩስ ሰብስበው ፀጉሩን ለዩ። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ 33.1 ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ይህን ለእማማ ስነግራቸው ሳቁ። ለዚህ ደግሞ ኩስ መሰብሰብ ያስፈልጋል ወይ፣ እኛን አይጠይቁም ነበር? አሉኝ።

እኩለ ሌሊት ላይ ጮኸ። አንዱ ሩቅ፣ ሌላው ከአጥሩ ሥር። አህያዋ ጆሮዋን አቁማ በሩን ታያለች። እማማ በጨለማው ውስጥ ጣታቸውን ሲቆጥሩ ሰማኋቸው።

«ገና አራት ሳምንት» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለአህያዋ እንጃ።